ሐይቁ ሞላ፤ መዋኘትስ?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ የንግግሬን ርእስ በስልክ ሲጠይቁኝ «ዌክሰርፊንግ» አልኳቸው። ደዋዩ ትንሽ ዝም አለና «ዶክተር፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው፤ ይድገሙልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። «አዲስ በሽታ ነው እንዴ?» አለ። አሁንም ፊታችሁ ላይ የማየው ይኸው ጥያቄ ስለሆነ ከትርጉሙ ልጀምር። በሽታ አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ሐኪም ስለ ጨዋታ ሊናገር ሲነሣ ግን ከኋላው አንድ ነገር እንዳለ ታውቃላችሁ።

ዌክሰርፊንግ ማለት ሞተር ጀልባ ከኋላው በሚያነሣው ማዕበል ላይ በአጭር ሰሌዳ ቆሞ መንሸራተት ነው። በውሃ ስኪ መጎተትን አንዳንዶቻችሁ ላንጋኖ ላይ አይታችሁት ይሆናል፤ እሱ ሌላ ነው። በስኪ የሚጎተት ሰው ገመዱን እስከ መጨረሻው አይለቅም፤ ጀልባውም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል። በዌክሰርፍ ግን ጀልባው የሚሄደው በሰዓት ከ16 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ባጃጅ ይቀድመዋል። ሆዱ ውስጥ ያሉ ታንኮች ሆን ተብሎ ውሃ ይሞላሉ፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቶን በላይ። ጀልባው ይከብዳል፣ ኋላው ዝቅ ይላል፣ ወደ አንድ ጎንም ያዘነብላል። ጎጃም ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፦ ማረሻ ጠልቆ ሲገባ አፈሩን ወደ ጎን እየገፋ ትልም እንደሚያወጣ፣ ይህም ጀልባ ውሃውን እያረሰ ይሄዳል። ከኋላው የሚነሣው ትልም ማዕበል ነው።

ተጫዋቹ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ሰሌዳው ላይ አድርጎ፣ ገመድ ይዞ ይጀምራል። ጀልባው ሲስበው ይነሣል። ሚዛኑን ካገኘና ማዕበሉ ከኋላ መግፋቱን ከተሰማው ገመዱን ወደ ጀልባው ይወረውረዋል። ከዚያ በኋላ የሚጎትተው የለም። ውሃው ራሱ ይገፋዋል።

እኔ ይህን ያየሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት አትላንታ የሚኖሩ የክፍል ጓደኞቼን ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ሌክ ላኒየር ወሰዱኝ። ላኒየር የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቻታሁቺ በሚባለው ወንዝ ላይ የቡፎርድ ግድብ ሲሠራ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ስፋቱ 150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የጓደኛዬ ባለቤት የጀልባውን ሞተር ከማስነሣቱ በፊት መጀመሪያ የጠየቀኝ «መዋኘት ትችያለሽ?» ብሎ ነው። እችላለሁ አልኩት፤ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ ባሕር ዳር፣ በአንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ተምሬያለሁ። እሱ ግን በዚህ አልረካም፤ ላይፍ ጃኬቱን አስለብሶኝ ማሰሪያውን አንድ በአንድ አጠበቀው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ «አክስቴ፣ ስትወድቂ ሳቂ፤ ከሳቅሽ አትደነግጪም» ብላ መከረችኝ። ስንት ጊዜ እንደወደቅሁ አልቆጠርኩም። ስንት ጊዜ እንደቆምኩ ግን አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ነው፤ አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። ለጉንደ ወይን ልጅ አሥር ሰከንድ ውሃ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ አሁን ልንገራችሁ።

ጉንደ ወይን በጎንቻ ሲሶ እነሴ ያለች ደገኛ ከተማ ናት። ከበላያችን ጮቄ አለ፤ ከበታቻችን የአባይ በረሃ። በመካከል ክረምት ሲገባ ከእንቅልፋቸው የሚነሡ፣ በበጋ ግን ተረማምደን የምናልፋቸው ወንዞች አሉ። በእኛ አገር ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው፤ የሚዋኙት ግን ወንዶች ናቸው። እረኞቹ ወንዶች ልጆች ከብቱን አሰማርተው ወንዙ ጠለቅ ያለበት ቦታ ገብተው ይማራሉ። ሴት ልጅ ወንዝ የምትወርደው እንስራ አዝላ ነው፤ ቀድታ፣ አጥባ፣ ትመለሳለች። በቀን ሁለቴ ውሃ ዳር እየደረሰች መዋኘት ሳትማር ታድጋለች። እናቴ «ውሃ ዘመድ የለውም» እያለች ነበር የምትልከኝ። እውነቷን ነው፤ ግን መላክ አልቀረም።

አምስተኛ ክፍል ሳለን አብራኝ በአንድ ወንበር የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ሰኔ ውስጥ፣ የፈተና ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደራሽ ውሃ ወሰዳት። እኛ ጋ ዝናብ አልጣለም ነበር፤ የዘነበው ላይ፣ ጮቄ ነው። በሁለተኛው ቀን ታች ተገኘች። ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዷት። ጤና ጣቢያ አልመጣችም፤ ምን ልትሠራ ትመጣለች? ማንም ስሟን በመዝገብ ላይ አልጻፈም። ዛሬ እኔ ሐኪም ሆኜ «በአካባቢያችን በውሃ የሚሞት ሰው ብዙ አይደለም» የሚል ሪፖርት ባየሁ ቁጥር የማስበው እሷን ነው። የሰጠመ ሰው ወደ ሆስፒታል አይመጣም። ስለዚህ በእኛ መዝገብ ዘንድ የለም።

የአባይን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። በሞጣ በኩል ሰባራ ድልድይ አለ፤ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ የተሰበረ። ከዚያ ወዲህ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። በዚህም በዚያም ያሉ ጎበዞች የገመዱን ጫፍ ይይዛሉ፣ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ ከገደሉ በላይ እየተንጠለጠለ ይጎተታል። ገበያተኛውም፣ ሙሽራውም፣ በሽተኛውም እንደዚያ ነው ያለፈው። ለእኛ ወገን ገመድ ነፍስ ነበር፤ የለቀቀው የሚሄድበት ይታወቃል። ላኒየር ላይ ያቺ ልጅ እየሳቀች ገመዱን ስትወረውር ልቤ የተመታው ለዚህ ነው። ልጅቷን ደፋር ያደረጋት ጀግንነት አይደለም። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ መዋኘት ተምራለች፣ ጃኬት ለብሳለች፣ ጀልባው ላይ ዓይኑን ከእሷ የማይነቅል አንድ ሰው ተቀምጧል። ገመድ መልቀቅ የሚቻለው ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው።

ታዲያ ይህን ለምን ዛሬ አነሣሁት? አገራችን ሐይቅ ስለሠራች ነው።

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እያልን አድገናል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ የተጣለለት ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አባይ ማደሪያ አገኘ። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ውሃ ንጋት ሐይቅ የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ይይዛል፣ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። አሁን የነገርኳችሁን ላኒየርን ከአሥር ጊዜ በላይ ይውጠዋል ማለት ነው። ከዚያ ውሃ ውስጥ ከጉንደ ወይን የቆርቆሮ ጣሪያ የተንጠባጠበ አለበት፤ ያቺን ልጅ የወሰደው ወንዝም በመጨረሻ የሚደርሰው እዚያው ነው። ቆቃ አለን፣ ፊንጫ አለን፣ ተከዜ አለን፣ ጊቤ ሦስት አለን። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ተራራማ አገር ባለ ብዙ ሐይቅ ሆነች።

ሐይቅ ባለበት ደግሞ ጨዋታ ይመጣል። አይቀርም። ጎርጎራ ላይ የገበታ ለሀገር መዝናኛ ተሠርቷል። ባቦጋያ ላይ ቅዳሜና እሑድ ካያክ የሚቀዝፍ ወጣት አለ። ንጋት ላይ ዓሣ ማስገር ተጀምሯል፤ ዓሣ አስጋሪ ከገባ የሽርሽር ጀልባ አይዘገይም። «እኛ ምን ይዘን፣ የሀብታም ጨዋታ!» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጀልባው ውድ እንደሆነ አልክድም። ግን አባይን ስንፈራውና ስናለቅስበት ለኖርን ሰዎች ልጆቻችን ሊስቁበት መቻላቸው ትንሽ ነገር አይመስለኝም። እኔ የምለው፣ ሳቁ ይምጣ፤ ከሳቁ በፊት ግን ሥራው ይምጣ። የእኛ ሥራ።

በመስጠም ልጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ በእንደኛ ዓይነት አገሮች የሚኖሩ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው። አብዛኞቹ እየተጫወቱ አልነበረም፤ ውሃ ሲቀዱ፣ ሲሻገሩ፣ ሲያጠምዱ ነው። ድርጅቱ የሚመክራቸው መፍትሔዎች ማሽን አይጠይቁም፦ ሕፃናትን ከውሃ የሚለይ አጥርና መዋያ፣ ለትምህርት ቤት ልጆች መሠረታዊ ዋና፣ ለአካባቢው ሰው የማዳን ሥልጠና፣ የጀልባ ደንብ፣ የጎርፍ ዝግጅት።

ሐኪም ላልሆናችሁ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁልኝ ሂዱ። ከውሃ የወጣና የማይተነፍስ ሰው በእግሩ አይንጠለጠልም፣ ሆዱም አይጫንም። ያጣው አየር ነው። በጀርባው አስተኝታችሁ፣ አገጩን ቀና አድርጋችሁ፣ መጀመሪያ ትንፋሽ ስጡት፤ ከዚያ ደረቱን መጫን፤ ከዚያ ደግሞ ትንፋሽ። በልብ ድካም መንገድ ላይ ለወደቀ ሰው ደረት ብቻ መጫን ይጠቅማል ሲባል ሰምታችኋል። የሰጠመ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ያለ ትንፋሽ መጫኑ ብቻውን አይበቃውም።

ሁለተኛው ጀልባው ራሱ ነው። ዌክሰርፍ የሚጫወት ሰው ከጀልባው ጀርባ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ፕሮፔለሩ ከጀልባው ሆድ ሥር ገባ ብሎ የተተከለ መሆን አለበት። ጣና ላይ የምናያቸው ሞተራቸው ከኋላ የተንጠለጠለ ጀልባዎች ለዚህ ጨዋታ ፈጽሞ አይሆኑም። አንድ ጎረምሳ «እስቲ እንሞክረው» ብሎ ከእንዲህ ዓይነት ጀልባ ጀርባ ሰሌዳ ይዞ ቢቆም ሲወድቅ የሚያገኘው ቢላዋውን ነው። ቀዶ ሐኪሞች ቁስሉ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

ከፕሮፔለሩ ይልቅ የማይታየው ግን ጭሱ ነው። እዚህ የተማርን ሁላችን፣ በተለይ በብርድ ወራት ሌሊት ተረኛ የሆንን፣ ከሰል አፍኗቸው የሚመጡ ቤተሰቦችን አክመናል። በር ዘግተው፣ ከሰል አንድደው፣ ተኝተው። ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከጀልባ ሞተርም ይወጣል። ጀልባው በዝግታ ሲሄድ ነፋሱ ጭሱን ወደ ኋላው ይሰበስበዋል፤ ተጫዋቹም፣ የኋላው ወንበር ላይ የተቀመጡ ልጆችም እዚያው ናቸው። ሜዳ ላይ፣ ሰማይ ሥር፣ ንጹሕ አየር መሃል ሆኖ ሰው ይታፈናል ብሎ ማን ያምናል?

አሜሪካኖቹም አላመኑም ነበር። ፓወል የሚባል ትልቅ የግድብ ሐይቅ አላቸው፣ ኮሎራዶ ወንዝ ላይ። እዚያ ይሠራ የነበረ አንድ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም «ሰጠመ» ተብለው የተመዘገቡ ሰዎችን ጉዳይ መልሶ ሲያይ የአንዳንዶቹ ደም በካርቦን ሞኖክሳይድ የተሞላ ሆኖ አገኘው። ዋናተኛ ሰው፣ በጸጥተኛ ውሃ፣ ከጀልባው አጠገብ ለምን ይሰጥማል? መጀመሪያ ራሱን ስቶ ነዋ! እ.ኤ.አ. በ2000 ምርመራው ሰፋ፤ ካሊፎርኒያ የጀልባን የኋላ መወጣጫ ይዞ መጎተትን ከ2005 ጀምሮ በሕግ ከለከለች። አንድ ሐኪም መዝገብ ደግሞ ስላነበበ ሕግ ተለወጠ። ለወጣት ሐኪሞች ደግሞ ይህን ልጨምር፦ ጀልባ ላይ ውሎ ራሴን አመመኝ፣ አጥወለወለኝ የሚል ሰው ሁሉ የባሕር ሕመም አይደለም የያዘው። ጣት ላይ የምትሰኳት ፐልስ ኦክሲሜትርም 98 ብላ ታታልላችኋለች፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው አትለየውም። ኦክስጅን ስጡ፣ ከዚያ ተከራከሩ። የጣና ዙሪያ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኑንም አትርሱ፤ በከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ቀድሞውኑ ስስ ነው።

ሦስተኛው ቢልሃርዚያ ነው። ላንጋኖ ለዋና የተወደደው ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ስለሚባል መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ጣና እንደዚያ አይደለም፤ የአንጀት ቢልሃርዚያ በዙሪያው እንዳለ ከተማሪነት ጊዜያችን ጀምሮ በማይክሮስኮፕ ያየነው ነው። ዝቅ ባለው ቆላ ደግሞ የሽንት ቢልሃርዚያ አለ፤ ኩርሙክ በዚህ የታወቀ ቦታ ነው። ንጋት ሐይቅ ከባሕር ወለል 640 ሜትር ላይ የሚተኛ ውሃ ስለሆነ ዓይናችንን ከአሁኑ ልንጥልበት ይገባል። ቀንድ አውጣዋ የምትወደው ሣርና ደንገል ያለበትን ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ነው። መሃሉ ጥልቅ ውሃ ላይ ከጀልባ የሚገባ ሰው አደጋው አነስተኛ ነው፤ ዳር ላይ ቆሞ ሰሌዳውን የሚያጥብ፣ ጀልባውን የሚገፋ፣ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ ነው የሚያዘው። ስለዚህ መግቢያው የታነጸ መድረክ ይሁን፤ የጀልባ ሠራተኞቹ በየጊዜው ይመርመሩ፤ ፕራዚኳንቴል አይጥፋ።

ስለ ቢልሃርዚያ ተነሥቶ ዶ/ር አክሊሉ ለማን አለማንሣት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። እንዶድን እኮ ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ እናቶቻችን ጋቢ ነጭ የሚያደርጉበት። እሱ ግን ወንዝ ዳር ቆሞ ሴቶቹ የሚሠሩትን አየ፣ ቀጥሎ ውሃው የሚሄድበትን አየ። ከባልደረባው ከዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ያ ሁሉ የተጀመረው ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ልብ ብሎ በማየት ነው።

አራተኛው ወባ። ደገኛ አባቶቻችን ቆላ ወርደው ማደርን ይፈሩ ነበር፤ ጉዳያቸውን ጨርሰው ሳይመሽ ሽቅብ ይመለሳሉ። ፍርሃታቸው ትክክል ነበር። በቆቃ ግድብ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ለውሃው የቀረቡ መንደሮች ከራቁት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። ውሃው ሲሸሽ ዳርቻው ላይ ኩሬ ይተዋል፤ ትንኟ እዚያ ትፈለፈላለች። የግድብ ሐይቅ ደግሞ በየዓመቱ ይሞላል፣ ይጎድላል። ከደጋ ለሽርሽር የሚወርድ ሰው የመከላከል አቅም የለውም፤ አጎበሩን ይዞ ይውረድ፣ ትኩሳት ከያዘው ደግሞ «ፀሐይ መትቶኝ ነው» ብሎ አይቀመጥ።

ስለ መሙላትና መጉደል ካነሣን፣ ያ ተረት ያልነገረን አንድ ነገር አለ። አባይ ማደሪያ ሲያገኝ ግንዱም አብሮት አድሯል። ሸለቆ በውሃ ሲሞላ ዛፉ ከሥር ቆሞ ይቀራል። መስከረም ላይ ከጀልባው በታች ብዙ ሜትር ርቆ የነበረ ጉቶ ግንቦት ላይ ከውሃው ወለል ሥር አንድ ክንድ ላይ ሊሆን ይችላል። የጨዋታው ቦታ በጥናት ተመርጦ፣ በምልክት ታጥሮ፣ በየወቅቱ መታየት አለበት።

አሁን ደግሞ ሐኪም ላልሆናችሁ፣ ለሕግ ሰዎች፣ ለመሐንዲሶች፣ ለባዮሎጂ መምህራን አንድ አደራ አለኝ። ይህ ጀልባ ትልቅ ማዕበል እንዲያነሣ ተብሎ የተሠራ ነው አልኩ። ጣና ላይ ደግሞ የደንገል ታንኳ አለ። ባለ ታንኳው ከውሃው በአንድ ስንዝር ከፍታ ላይ ተቀምጦ መረቡን ይጥላል፣ ወይም እንጨት ጭኖ ገበያ ይሄዳል። ብዙዎቹ ላይፍ ጃኬት የሚባል ነገር የላቸውም። የእኛ የቅዳሜ ሳቅ የሚያነሣው ማዕበል የእሱን ታንኳ ቢገለብጥ የሚጠየቀው ማን ነው? ቨርሞንት የምትባለው የአሜሪካ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ደንብ እነዚህ ጀልባዎች ከዳርቻ 150 ሜትር ያህል እንዲርቁና ጥልቀቱ ቢያንስ 6 ሜትር በሆነ ውሃ ላይ ብቻ እንዲጫወቱ አዛለች። ደለሉን እንዳያናውጡ፣ ዳርቻውን እንዳይሸረሽሩ፣ ሌላውን ሰው እንዳይጎዱ ነው። ለአንድ ጀልባ አንድ ሐይቅ ትላለች፤ ወደ ሌላ ሐይቅ ከመሄዱ በፊት ታጥቦ መጽዳት አለበት፤ ምክንያቱም ታንኩ ውስጥ የቀረው ውሃ የአንዱን ሐይቅ ተባይና አረም ወደ ሌላው ይወስዳል። እምቦጭ ቆቃና አዋሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 ከታየ በኋላ ጣና ላይ በ2011 ደረሰ። ገበሬው በእጁ ሲነቅለው፣ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲጎትተው አይተናል። ያን ሁሉ ላብ አንድ ያልታጠበ ጀልባ ከንቱ እንዳያደርገው ደንቡ ከጀልባው ይቅደም።

ወዳጆቼ፣ እንግዲህ ይህን በሌላ ቦታ ሳይሆን በዚህ አዳራሽ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ከጣና ሰሜን ባለው በዚያ ሜዳ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያው በአንድ ቡድን ወደ ገጠር እንዲወጡ ተብሎ። እኛ የተማርንበት የሕክምና ትምህርት በ1978 በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ሲጀመር ያ መሠረት ቀድሞ ተጥሎ ነበር። ይህ ቤት የተወለደው ውሃ ዳር የሚሞት ሰው ስለነበረ ነው። መምህሮቻችን ከክፍል አውጥተው ደንቢያና ጭልጋ ሲያዞሩን ያስተማሩን በሽታው ወደ አልጋው እስኪመጣ አትጠብቁ ብለው ነው። የሰጠመ ሰው ደግሞ አልጋው ጋ አይመጣም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ እንመዝግብ። በየጤና ኬላው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ቄሱ፣ የዕድሩ ዳኛ ያውቃሉ፤ የጠየቃቸው የለም። ስንት ዓመቱ ነበር፣ የት፣ ምን ሲሠራ፣ መዋኘት ይችል ነበር ወይ? አራት ጥያቄ ብቻ ናት። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችሁ ርእስ ስትመርጡ ይህን አስታውሱልኝ።

ሁለተኛ፣ እናስተምር። የተባበሩት መንግሥታት ሐምሌ 18ን የመስጠም መከላከያ ቀን ብሎታል። ለእኛ በክረምቱ መሃል ይውላል፤ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። የማኅበራችን አባላት በየአሉበት ከተማ በዚያ ቀን አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ቢይዙና ትንፋሽ መስጠትን ቢያሳዩ ገንዘብ አይጠይቅም። መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ባለቤት የሆናችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል፤ በሳምንት አንድ ጠዋት ለሴት ልጆች ክፈቱልን። ሴቶች አስተማሪዎች እናመጣለን። እናቶች «ነውር ነው» ቢሉ እኔ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ፤ ቋንቋቸውን አውቀዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ጀልባው ወደብ ሳይደርስ ደንቡ ይጻፍ። ፕሮፔለሩ ከሆድ ሥር የሆነ ብቻ፤ ጃኬት ለሁሉም፤ ሹፌሩ ፊት ፊቱን ሲያይ ተጫዋቹን ብቻ የሚያይ ሁለተኛ ሰው፤ ሰው ሲወጣና ሲገባ ሞተር መጥፋት፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለይ ማንቂያ፤ ከታንኳዎች መራቅ፤ ጀልባን ማጠብ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለው የሕግ፣ የምህንድስናና የጤና ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጥ ረቂቁ ያልቃል።

የአገሬ ሴቶች አሁንም እንስራቸውን አዝለው ወንዝ ይወርዳሉ። ብዙዎቹ በዕድሜያቸው ዌክሰርፍ አያዩም፤ ይህ አያሳዝነኝም። ለጨዋታው ብለን የምናስተምረው ዋና፣ የምናሠለጥነው አዳኝ፣ የምንጽፈው መዝገብ ግን ለእነሱም ይደርሳል። ለሽርሽር ጀልባ የተማረ ወጣት ደራሽ ውሃ የወሰዳትን ልጅም ማውጣት ይችላል። ጨዋታውን የምደግፈው ይህን አብሮ እንዲያመጣልን ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ክሊኒካችሁ ለሚመጣ የውሃ ዳር ልጅ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ክትባቱን ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ መዋኘት ትችያለሽ? መዋኘት ትችላለህ? መልሱን ጻፉት። በሚቀጥለው ስንገናኝ ስንት «አዎ» እንዳገኘን እንቁጠር።